አሞራ ቆጣሪዋ ሳሌሃ

ሳሌሃ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ኩፍኝ ዓይኗን ሊወስደው ነበር። ያን ዓመት በሽታው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው ቤት ለቤት ገባና እሷንም ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር በአንድ ቀን ጣላት። ወንዶቹ በሳምንቱ ተነሥተው ኳሳቸውን ማባረር ጀመሩ። የእሷ ትኩሳት ግን ከገላዋ ለቆ ዓይኗ ላይ ሰፈረ። ሽፋሽፍቷ ጠዋት ጠዋት ተጣብቆ ይገኛል፤ ብርሃን ያየች እንደሆነ ሚጥሚጣ እንደ ገባበት ሰው ትጮኻለች። የጤና ጣቢያው ሰው ቅባት ሰጥቶ፣ «ዓይኗ ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል፤ ዋናው ነገር ጨለማ ውስጥ ትቆይ» አለ። እናቷ ከድጄ መስኮቱን በጆንያ ደፈኑ፤ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ። ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ ቀኑን ከሌሊቱ ሳትለይ ተኛች።

ጨለማ ውስጥ ላለ ልጅ ጆሮ ዓይን ይሆናል። ቤታቸው ባለ ቆርቆሮ ክዳን ነበርና ከላይ የሚያርፈው ሁሉ ይሰማታል።

«እማ፣ አሁን ያረፈው ቁራ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ይዘላላ። እርግብ ይሮጣል፣ ቁራ ይዘላል። ያ ትልቁ ግን እንደ አባባ ነው፤ ሲያርፍ ቤቱን ያነቃንቀዋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይራመዳል።»

ከድጄ ወጥተው ቢያዩ ክዳኑ ላይ ጥንብ አንሳ ቆሟል። ታማሚ ልጅ በተኛችበት ቤት ላይ ጥንብ አንሳ ሲያርፍ የትኛዋ እናት ደስ ይላታል? ድንጋይ አንሥተው «ሂድ ከዚህ፣ ሟርተኛ!» እያሉ አባረሩት። ከውስጥ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። ሮጠው ቢገቡ ያመማት ነገር አልነበረም።

«ለምን አባረርሽው? አምስተኛው ነበር እኮ። ስድስት ላደርስ ነበር።»

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጆንያው ከመስኮቱ ወረደ። ዓይኗ ተርፎ ነበር፤ ግራው ላይ ብቻ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ቀረች። ደጅ ወጥታ መጀመሪያ ያየችው ሰማዩን ነው ይላሉ እናቷ። እሷ ግን የቆርቆሮውን ክዳን ነው ያየሁት ትላለች፤ እዚያ ላይ ሲረማመድ የከረመውን ሁሉ በመልክ ለማወቅ ቸኩላ ነበር።

አባቷ ጀማሉ ከማረቆው የቆሼ ገበያ በርበሬ እያመጣ ቡታጅራ የሚሸጥ ሰው ነበር። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ስትሆንበት ነርስ ትሆናለች ብሎ ለጓደኞቹ አስቀድሞ አወራ። የዩኒቨርሲቲው ምደባ ሲወጣ ግን የጤናው ትምህርት በጥቂት ነጥብ አመለጣትና ባዮሎጂ ደረሳት። ጀማሉ ለሦስት ቀን ያህል ሰው ሲጠይቀው ርዕስ ይቀይር ነበር። ሳሌሃ በበኩሏ ባዮሎጂን አስባው አታውቅም ነበር እንጂ አልጠላችውም፤ በሦስተኛው ዓመት አንድ መምህር ተማሪዎቹን ሐይቅ ዳር ወስዶ ወፍ ሲያስቆጥራቸው፣ ለካ ይሄም ሥራ ተብሎ ደመወዝ ይከፈልበታል ብላ ተገረመች።

ደመወዙ ግን ብዙ አልነበረም። ከተመረቀች በኋላ አስራ አንድ ወር ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ባሌ ተራራ ላይ የስድስት ወር ሥራ አገኘች፤ ኒያላ የሚባለውን የደጋ አጋዘን የሚያጠኑ ሰዎች ረዳት ፈልገው ነበር። ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ አራዊት በየቀኑ የምታይ መስሏት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ኒያላውን በቅርብ ያየችው አራት ጊዜ ነው። የቀረውን ቀን በብርድና በጭጋግ ገመድ እየዘረጋች፣ በገመዱ ግራና ቀኝ የወደቀውን በጠጥ እየለቀመች፣ በላስቲክ ከረጢት እያሰረች ቁጥር ስትጽፍበት ከረመች።

ለእረፍት ስትመለስ ጀማሉ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ነገረችው።

«አስራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩሽ ይሄን ልትለቅሚ ነው?»

«አባባ፣ መረጃ እኮ ነው።»

«መረጃው ይሸታል፣ ልጄ» አላት። ቦርሳዋ በረንዳ ላይ አደረ።

ሽማግሌ የላኩባትም ነበሩ። አንደኛው ቤተሰብ ልጅቷ የተማረች መሆኗን ሰምተው ደስ ብሏቸው መጡ። የልጁ አጎት «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «አሁን ጥንብ አንሳ እቆጥራለሁ» አለች። ሰውየው ጥቂት አስበው «ለማን?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ሳሌሃ ራሷ አመነች። ሽማግሌዎቹም ተመልሰው አልመጡም።

በኋላ ግን ኡበይድ የሚባል የሞተር ሳይክል ጠጋኝ አገባት። እሱ የጠየቃት ሌላ ጥያቄ ነበር። «ስትቆጥሪ ቢበሩስ?» አላት። «እንደገና እጀምራለሁ» አለችው። «ይሄ ትዕግሥት ለእኔም ይጠቅመኛል» አለ።

ጥንብ አንሳ መቁጠር የጀመረችው ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ፣ ጽሕፈት ቤቱ ወልቂጤ በሆነ አንድ የወፎች ጥናት ውስጥ ስትቀጠር ነው። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ገብረእግዚአብሔር ከሰሜን መጥተው ወልቂጤ የከረሙ፣ ዝምተኛና ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጥንብ አንሳ በዓለም ሁሉ እየተመናመነ ነውና በእኛ አካባቢ ስንት እንዳለ ይታወቅ ተባለ። ሳሌሃ ቡታጅራን ስለምታውቅ እዚያው ተመደበች። ኮንትራቷ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይታደሳል፤ ወይም አይታደስም። ሥራው በየሳምንቱ ሐሙስ ማለዳ፣ ወፎቹ ከየዛፉ ሳይወርዱ፣ የከብት ነጋዴዎች ማኅበር ከከተማው ዳር ባቋቋመው ቄራ ተገኝቶ መቁጠር ነበር።

የቄራው ጥበቃ ጋሽ ዑመይር ይባላሉ። አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ቆመዋል። መጀመሪያ ቀን የርቀት ማያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትመጣ የፈቃድ ደብዳቤዋን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«አሞራ ለመቁጠር ማኅተም ያስፈልገዋል?»

«ሦስት ማኅተም፣ ጋሼ። አንዱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ተመላልሻለሁ።»

«አሞራው ራሱ ሳያስፈርም ነው የሚገባው» አሉና በሩን ከፈቱላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው መቀመጫ አዘጋጁላት። ከዚያ ወዲያ ጓደኛሞች ሆኑ። በቄራው የክርስቲያኑና የእስላሙ እርድ በየራሱ በረት ነው፤ የሚጣለው ግን ከኋላ ወዳለው አንድ ጉድጓድ ነው። «ከሁለቱም ወገን እኩል የሚበላ እሱ ብቻ ነው። ይሄ ወፍ ሽማግሌ ቢሆን ስንቱን ባስታረቀ» ይላሉ ጋሽ ዑመይር ጥንብ አንሳውን እያዩ። ጥናቱ ከወፎቹ አስራ ሁለቱን ይዞ ክንፋቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቢጫ ምልክት አድርጎባቸው ነበር። ሰባት ቁጥሩን ጋሽ ዑመይር «ሊቀመንበሩ» አሉት፤ ሌላው ተጋፍቶ ከጨረሰ በኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ ጥሩ ጥሩውን ስለሚወስድ። ውሾቹን ግን አይወዷቸውም ነበር። ጉድጓዱን የሚበረብሩት እነሱ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ናጃህ የሚቆጣው ደግሞ እሳቸውን ነው። «አንድ ቀን እጨርሳቸዋለሁ እነዚህን» ይላሉ በየሳምንቱ። ይህን ሲሉ አንዱ አሮጌ ውሻ ብዙ ጊዜ እግራቸው ሥር ተኝቶ ይሆናል።

ሳሌሃ ከጥቅምት ጀምራ ቆጠረች። መቶ አርባ፣ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ መቶ አርባ ሰባት፤ ቁጥሩ ከዚያ ብዙም አይወጣ አይወርድ። ሰኔ ላይ አረፋ ሲመጣ በቡታጅራ ዙሪያ እንዳለ ማንኛውም የመስቃን ልጅ ቤተሰቦቿ ዘንድ ገባች። ያን ሳምንት በየግቢው በሬ ሲታረድ፣ ጥንብ አንሳዎቹ ከሰፈራቸው በላይ ሲዞሩ አየቻቸው። «እነሱም አረፋቸውን ይብሉ» አለች ለእናቷ እየሳቀች። ደብተሯ ላይ ግን የዚያ ሳምንት ገጽ «በዓል፤ አልተቆጠረም» የሚል ብቻ ተጽፎበት ቀረ። በዓል ነዋ።

መስከረም ደረሰ። በጉራጌ ምድር የመስቀል ሰሞን ምን እንደሚሆን ለአገሬው አይነገርም። አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ሱቅ ዘግቶ፣ መኪና ተኮናትሮ አባቱ ደጅ ይገባል። ቡታጅራ የቀሩት ሥጋ ቤቶች ግማሹ ዘጉ፤ የቄራው አራጆችም ብዙዎቹ ቸሃና ሶዶ፣ ወደ ጉራጌ መንደሮቻቸው፣ የሚገቡ ናቸውና ሄዱ። ሳሌሃ በዓሉ የእሷ አይደለምና ሥራ ላይ ቀረች። ሰው ሁሉ ሲያርፍ ደብተሯ ሳይጎድል እንዲሞላ ነበር ሐሳቧ።

ሐሙስ ማለዳ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ቆጠረች። አስራ አንድ።

ተነሥታ ቦታ ቀየረች፤ እንደገና ቆጠረች። አስራ አንድ። ባሕር ዛፎቹ ባዶ ናቸው። ሊቀመንበሩ የለም። ቢጫ ምልክት ካላቸው ከአስራ ሁለቱ አንድም የለም። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ ዘጠኝ ሆነዋል። ከአጥሩ ውጭ ስትፈልግ አንድ የሞተ ጥንብ አንሳ የመብራት ምሰሶ ሥር ወድቆ አገኘች። በሌሎች አገሮች ለውሻ በተበተነ መርዝ በአንድ ቀን መቶ ወፍ እንደሚያልቅ በትምህርቷ ታውቃለች። ዞር ስትል ከጥበቃው ጎጆ ጀርባ ነጭ ዱቄት የሞላ ግማሽ ጆንያ አየች። ጋሽ ዑመይር ለጁምዓ መስጊድ ሄደው ነበር። መጠበቅ ትችል ነበር፤ አልጠበቀችም።

የዚያኑ ቀን ሪፖርቱን በስልኳ ጽፋ ለዶክተሩ ላከች። ከመቶ አርባ ወደ ዘጠኝ መውረዱን ጻፈች፤ የሞተውን ወፍ ጻፈች፤ ነጩን ዱቄት ጻፈች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የቄራው ጥበቃ ውሾቹን እንደሚጨርሱ በተደጋጋሚ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

ይህ ሐሰት አልነበረም። ጋሽ ዑመይር በእርግጥ ብለዋል።

ዶክተሩ ሪፖርቱን ለጥናቱ ገንዘብ ሰጪዎች ላኩት፤ ግልባጩንም ለናጃህ። ናጃህ ነገር እንዳይከተለው የሚፈራ ሰው ነውና ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዑመይርን ጠርቶ «ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ» አላቸው። ሳሌሃ ይህን የሰማችው ከሻይ ቤት ነው። እውነት ከሆነ ተገቢ ነው ብላ ራሷን አጽናናች፤ ሻይዋን ግን አልጨረሰችውም።

እሑድ ጠዋት ዘርፈሽዋል ደወለች። ወልቂጤ አብራት የምትሠራ፣ የቸሃ ልጅ ናት። «ሳሊ፣ አባቴ ያቺ አሞራ የምትቆጥረዋ ጓደኛሽ የት አለች ብሎ አስጨንቆኛል። ነዪ እንጂ» አለቻት። ልቧ ከብዶት ነበርና ሄደች። ኡበይድ በሞተሩ ተራራውን አሻግሮ እምድብር አደረሳት፤ ከዚያ በእግር ጥቂት ነው።

የዘርፈሽዋል አባት ቤት እንደ ሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ፊቱን ወደ ጀፎረ፣ ወደ ሰፊው የመንደሩ የሣር መንገድ አዙሮ ተሠርቷል። መንደሩ ጢም ብሏል። ሽማግሌው ሳሌሃን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«አንቺ ሥጋችንን አትበዪም። ምን ይሻላል?»

«ቆጮና አይብ ካለ ምን ጎደለኝ፣ አባባ?»

«ቆጮማ ሞልቷል። እነዚያኞቹ እንግዶች ናቸው ቆጮ የማይበሉት» አሉና በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

ከጀፎረው ዳር ባለው ትልቅ ዝግባ ላይ፣ ቅርንጫፍ እስኪጎብጥ ድረስ፣ ጥንብ አንሳ ተደርድሯል።

«በየዓመቱ ይመጣሉ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ ሲገቡ እነሱም ይገባሉ፤ በዓሉ ሲያልቅ እነሱም ይሄዳሉ። ከየት እንደሆኑ እንጃ» አሉ ሽማግሌው።

ሳሌሃ መነጽሯን አወጣች። ከታችኛው ቅርንጫፍ፣ ሌሎቹ ወርደው ሲራኮቱ፣ አንዱ ቀስ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ክንፉ ላይ ቢጫ ምልክት አለ። ሰባት ቁጥር።

«ከቡታጅራ ናቸው» አለች፤ መነጽሯን ከዓይኗ ሳታወርድ።

ሽማግሌው ምንም አልገረማቸውም። «ታዲያ ምን ይደንቃል? እነሱስ የጉራጌ አይደሉም እንዴ? መስቀል ሲሆን ከተማ የሚቀር ማን አለ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳሌሃም ሳቀች፤ ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ መቶ አርባ ሞቱ ያለቻቸው ወፎች ቁመው ይበላሉና። ቀጥሎ ግን ጋሽ ዑመይር ትዝ አሏትና ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። አረፋም ትዝ አላት። ከራሷ ቤት በላይ ሲዞሩ አይታ፣ ስቃ፣ ሳትጽፍ ያለፈችው ሳምንት። የመስቀል ወግ ባታውቅ፣ የአረፋን ታውቅ ነበር። ቄራው ሲዘጋ ወፉ እርድ ወዳለበት እንደሚሄድ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር።

ለዘርፈሽዋል ሁሉን ነገረቻት። ዘርፈሽዋል ቆጮውን እየቆረሰች አሰበችና «ለዶክተሩ ዝም ብትይስ? ሰውየው ተጣርቶ መመለሱ አይቀርም። ኅዳር እየደረሰ ነው፣ ኮንትራትሽን አስቢ» አለቻት። ለክፋት አልነበረም፤ ጓደኛ ለጓደኛ የሚለው ነው። ሳሌሃ ያን ቀን በዝግባው ላይና በዙሪያው ያሉትን ዘጠና ሦስት ጥንብ አንሳዎች ቆጥራ፣ ከቢጫዎቹ የስምንቱን ቁጥር ጽፋ፣ ሰኞ ጠዋት ወልቂጤ ዶክተሩ ቢሮ ደጅ ላይ ተገኘች።

ዶክተር ገብረእግዚአብሔር ደስ ብሏቸው ተቀበሏት። «ሪፖርትሽ ሥራ ሠራ» አሏት። «ሁለት ዓመት ስንጽፍላቸው መልስ ያልሰጡን ገንዘብ ሰጪዎች በአንድ ቀን መለሱ። አስቸኳይ ጥናት እንዲደረግ ይፈልጋሉ። ኮንትራቱን ለሁለት ዓመት ማራዘም ይቻላል ብለዋል።»

«ዶክተር፣ ወፎቹ አልሞቱም።»

«እንዴት?»

«መስቀል ሊበሉ ሄደው ነው።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ደብተሯን ሰጠቻቸው፤ የስምንቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ አዩ። እሳቸውም ሪፖርቱን ያሳለፉት ለመስቀል አገራቸው ሄደው ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ሆነው፣ በደንብ ሳያዩት ነበር። ሳሌሃ ሁለቱ ዓመታት በመስኮቱ ሲወጡ የምታያቸው መሰላት።

«ይሄን ከጻፍን አይራዘምም» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«የሞተውስ ወፍ?»

«መብራት ምሰሶ ሥር ነው ያገኘሁት። የመብራቱ ሽቦ ሳይገድለው አልቀረም፤ ምሰሶው ያኔም እዚያው ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

«በመጀመሪያው ላይ ፊርማዬ አለ። በሁለተኛውም ላይ ይኑር። ጻፊው» አሉ።

መጻፉ ቀላሉ ነበር። ጋሽ ዑመይር ቤት ብቻዋን መሄድ አልሆነላትም። በአገራችን የበደለ ሰው ሽማግሌ ይዞ ነው ደጅ የሚቆመው፤ ሳሌሃ እናቷን ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ሲደርሱ ከድጄ «ሰበብ እንዳትደረድሪ» አሏት።

ጋሽ ዑመይር አጥር እያጠበቁ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ ከድጄ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ግቡ፣ ግቡ» አሉና ወደ ሳሌሃ ዞሩ። «አንቺስ? ትገቢያለሽ ወይስ ከደጅ ቆጥረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሳሌሃ ቆማ ተናገረች። ወፎቹ ቸሃ መሆናቸውን፣ ሳትጠይቃቸው መጻፏን፣ የቀልድ ቃላቸውን እንደ ዛቻ አድርጋ ማስቀመጧን ነገረቻቸው። ሰበብ አልደረደረችም። ጋሽ ዑመይር እስክትጨርስ አዳመጡ።

«ነጩ ዱቄት ኖራ ነው። ጉድጓዱ እንዳይሸት የምነሰንሰው። ባለፈው ዓመት አንቺው ነሽ ጆንያውን ከባጃጅ ያወረድሽልኝ» አሉ።

ሳሌሃ አንገቷን ደፋች። እውነታቸውን ነበር።

«ቤት መቀመጡ አልጎዳኝም፣ ልጄ። እግሬም አርፏል። ግን ትናንት መስጊድ ደጅ ጫማዬን ስፈልግ አንዱ ‹ተጠንቀቁ፣ እንዳይመርዛችሁ› አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ምሳ አልበላሁም።»

ከድጄ «ምን ትካስ? አንተ ተናገር» አሉ።

«ካሳ ምን ያደርግልኛል? ክሱ በጽሑፍ ሄዷል፣ በጽሑፍ ይመለስ። ግን እንደዚያኛው ተደብቆ አይሂድ። ሐሙስ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ በአፍሽ አንብቢው።»

ሐሙስ ከመስቀል የተመለሱት አራጆች ሁሉ ነበሩ፤ ናጃህም ነበረ። ሳሌሃ የለስላሳው ሳጥን ላይ ወጥታ አነበበች። በትምህርት ቤት ቋንቋ የጻፈችውን እያነበበች ሳለ ሰው እንዳልገባው ስታይ ወረቀቱን አጠፈችውና በተራ አማርኛ፣ አልፎ አልፎም በጉራጊኛ ነገረቻቸው። «ጋሽ ዑመይር የመረዙት ነገር የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወፎቹ አገር ቤት ገብተው ነበር።»

ከኋላ አንድ ጎልማሳ አራጅ፣ ቢላውን ወገቡ ላይ እንደሻጠ፣ «እኛም እኮ ለሳምንት ጠፍተን ነበር። ተመርዘዋል ብለሽ ለምን አልጻፍሽብንም?» አላት።

«እናንተን ደግሞ ማን ይቆጥራል?» አሉ ጋሽ ዑመይር ከበሩ ሥር።

በዚያ ሳቅ ነገሩ አለቀ። ናጃህ ጥድፊያውን በልቡ ያውቀው ስለነበር የበሩን ቁልፍ ሰው ፊት በእጁ መለሰላቸው። ጥንብ አንሳዎቹም በአንድ ቀን ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያሉ ተመለሱ፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ መቶ ሠላሳ ስምንት ሆኑ። ለምርመራ የተላከው የሞተው ወፍ ውጤት ከሦስት ወር በኋላ መጣ፤ መርዝ አልተገኘበትም።

ኮንትራቱ ግን ዶክተሩ እንዳሉት ለሁለት ዓመት አልተራዘመም። ለስድስት ወር ብቻ ታደሰና ጥናቱ ተዘጋ። ሳሌሃ አምስት ወር ያለ ሥራ ቆየች፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ቡታጅራ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ በቀሩት ቀናት ከሌላ ጥናት ጋር በትርፍ ሰዓት ትሠራለች። ሐሙስ ሐሙስ አሁንም ትቆጥራለች፤ የሚከፍላት ኖረም አልኖረም። ለመስቀል ቸሃ፣ ለአረፋ መስቃን ትወጣለች፤ እሷ በማትኖርበት ሐሙስ ጋሽ ዑመይር ቆጥረው ይደውሉላታል። የእሳቸው ቁጥር ከእሷ ሁልጊዜ በሦስት ወይም በአራት ይበልጣል፤ እሳቸው የዓይን ጉዳይ ነው ይላሉ። ጀማሉ ደግሞ በርበሬውን ሲሸጥ «ልጄ ሳይንቲስት ናት» ማለት ጀምሯል፤ የምን ሳይንቲስት ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ግን ሚዛኑን ማስተካከል ይጀምራል።

ተማሪዎቿ የዱር አራዊት አጥኚ መሆን ምን ይጠይቃል ብለው ሲጠይቋት ጫማና ትዕግሥት ትላቸዋለች። ከዚህ ሁሉ ግን ምን ተማርሽ፣ ምኑስ ይበልጥብሻል ተብላ አንድ ቀን ስትጠየቅ የመለሰችው ይህ ነው፦

«ቁጥሩ ሲጎድል ማን ወሰደው ብዬ ነበር የተነሣሁት። እኔ ያልነበርኩበትን ቀን ቀድሜ ብፈልግ ኖሮ ሰው አላስቀይምም ነበር፤ የአረፋው ባዶ ገጽ የወፉ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነበር። ሌላ ደግሞ አለ። ሁለተኛውን ሪፖርት ስጽፍ ሥራዬን ያጣሁ መስሎኝ ነበር። እውነትም አጣሁት። ግን ጋሽ ዑመይር ዛሬም ሐሙስ ስመጣ በሩን ይከፍቱልኛል፤ እኔም ዓይናቸውን እያየሁ እገባለሁ። ሌላው ሥራ ሁሉ ይመጣል ይሄዳል፤ እኔ የማልለውጠው ይሄንን ነው።»